«ስካር» ከሚለው ስም ባሻገር፦ አልኮል በአንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዴት ታወቀ?

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ። ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።



የዛሬው ንግግሬ ለረጅም ዘመን የተዘወተረ አልኮል በአንጎል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚመለከት ነው። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ የማቀርብላችሁ የሕክምና ምክር ሳይሆን የአንድ ዕውቀት ታሪክ ነው፤ ጉዳቱን መጀመሪያ ማን አየው? ምን ብሎ ሰየመው? ምክንያቱስ እስኪታወቅ ያን ያህል ዓመት ለምን ወሰደ?

ይህን ታሪክ የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። በ1881 ስለዚህ ጉዳት የመጀመሪያው ዝርዝር መግለጫ ሲታተም፣ ለእንቆቅልሹ መፍቻ የሚሆነው ፍንጭ እዚያው መግለጫ ውስጥ ተጽፎ ነበር። ፍንጩ በትክክል እስኪነበብ ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። የኬሚስትሪ ዕውቀት አለመዳበር አንዱ የመዘግየቱ ምክንያት እንደሆነ አልክድም። ሆኖም ስለ ጠጪ ሰው አስቀድሞ የተያዘው ፍርድም የሐኪሞቹን ዓይን ጋርዶ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህ ግርዶሽ ፈጽሞ አለመገፈፉን ደግሞ ወደ ንግግሬ መጨረሻ ላይ በአኀዝ አሳያለሁ።

ከኃጢአት ወደ መርዝ

ስካር አእምሮን እንደሚያውክ የጥንት ሰዎችም ያውቁ ነበር። እነርሱ የሚያውቁት ግን የአንድ ሌሊቱን ስካር ነው። ለዓመታት የዘለቀ መጠጥ ስካሩ ከበረደ በኋላም የማይጠፋ ጉዳት እንደሚያስከትል በሥርዓት መጻፍ የተጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። በፊላደልፊያ ቤንጃሚን ረሽ በ1784 ጠንካራ መጠጦች በአካልና በአእምሮ ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት ጻፈ። በብሪታንያ የባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው ቶማስ ትሮተርም በ1788 በኤድንብራ ያቀረበውን የመመረቂያ ጽሑፍ አስፋፍቶ በ1804 በመጽሐፍ አወጣው፤ በዚያም የስካር ልማድ የአእምሮ በሽታ ነው ሲል ተከራከረ።

ዛሬ የምንጠቀምበትን «አልኮሊዝም» የተሰኘ ቃል ያመጣው ግን የስዊድኑ ሐኪም ማግኑስ ሁስ ነው። የሁስ ዘመን ስዊድን ለእኛ እንግዳ አትሆንም። እኛ ዘንድ አረቄ በየቤቱ እንደሚወጣ ሁሉ፣ በዚያም ገበሬው ከእህልና ከድንች ጠንካራ መጠጥ በገዛ ቤቱ ያወጣ ነበር። ሁስ በስቶክሆልም ሆስፒታል ከተኙ ሕሙማን የሰበሰበውን ምልከታ በ1849 አሳተመ። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የእግር መዛል፣ የሌለውን ማየትና መስማት፣ የሚጥል ሕመም፣ የማስተዋል መደብዘዝ፤ ይህን ሁሉ በአንድ ጥላ ሥር ሰብስቦ «ሥር የሰደደ አልኮሊዝም» አለው።

ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። እስከዚያ ድረስ በካህንና በዳኛ እጅ የነበረው ሰው በሐኪም እጅ ገባ። ነገር ግን ስሙ ዋጋም ነበረው። የበሽታው ስም የምክንያቱን ስም ከያዘ በኋላ ሌላ ምክንያት የሚፈልግ ጥቂት ነው። አልኮል መርዝ ነው፤ ጠጪው መርዙን በገዛ እጁ ጠጣ፤ አንጎሉም ተመረዘ። ነገሩ በዚሁ ያለቀ መሰለ።

በርሊን 1881፣ ሞስኮ 1887

ካርል ቬርኒክ የንግግርን መጥፋት ከአንጎል የተወሰነ ክፍል ጋር በማያያዝ ገና በሃያዎቹ ዕድሜው የታወቀ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። በ1881 መታተም በጀመረው የአንጎል በሽታዎች መማሪያ መጽሐፉ የሦስት ሕሙማንን ታሪክ አቀረበ። ሦስቱም ዓይኖቻቸውን እንደ ልብ ማንቀሳቀስ ተስኗቸው ነበር፤ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ፤ ያሉበትን ቦታና ጊዜ መለየትም አቅቷቸዋል። ሦስቱም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞቱ። አስከሬናቸው ሲመረመር በአንጎል መካከል፣ ፈሳሽ በሚያልፍባቸው ክፍተቶች ዙሪያ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ የደም ነጠብጣቦች ተገኙ። ቬርኒክ ነገሩን የአንጎል ብግነት አድርጎ ተረጎመው።

ከሦስቱ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ የጠጡ ወንዶች ነበሩ። ሦስተኛዋ ግን ወጣት ልብስ ሰፊ ናት። ይህች ሴት ጠጪ አልነበረችም፤ ሰልፈሪክ አሲድ በመጠጣቷ ጨጓራዋ ተጎድቶ ለሳምንታት ያስመልሳት ነበር። የበላችው አይረጋላትም። እንግዲህ ጠጪዎቹንና እርሷን አንድ የሚያደርጋቸው ምን ነበር? ጥያቄው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሊነሣ ይችል ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ግን በሽታው በአብዛኛው የጠጪዎች በሽታ ተብሎ ተያዘ።

በሞስኮ ሰርጌይ ኮርሳኮቭ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ1887 ስለ አልኮል ሽባነት የመመረቂያ ጽሑፉን አቀረበ። በዚያና ተከታትለው በወጡት ጽሑፎቹ ትኩረቱ በትውስታ ላይ ነበር። ኮርሳኮቭ የሚገልጸው ሕመምተኛ ለእንግዳ ሰው ጤነኛ ይመስላል። በሥርዓት ይነጋገራል፣ ያመዛዝናል፣ ቼዝ ወይም ካርታ ይጫወታል። ጨዋታው ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ ግን መጫወቱን ጨርሶ አያስታውስም። ከሐኪሙ ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ፣ ሐኪሙ ወጥቶ ሲመለስ እንደ አዲስ ይቀበለዋል። ለሳምንታት ከአልጋው ያልተነሣ ሰው ትናንት የት እንደዋለ ሲጠየቅ ወደ ከተማ ወጥቶ እንደነበር ያወራል። ይህ ውሸት አይደለም። ትውስታው የተወውን ባዶ ቦታ አእምሮው ራሱ ይሞላዋል፤ ተናጋሪው የሚናገረውን ያምነዋል።

ኮርሳኮቭም እንደ ቬርኒክ ሁሉ ያልጠጡ ሕሙማንን አይቷል፤ ከወሊድ በኋላ በተነሣ ኢንፌክሽንና በተስቦ የታመሙ ይገኙባቸዋል። እርሱም ይህን ሳይሸሽግ ጽፎ፣ በደም ውስጥ የሚዘዋወር አንዳች መርዝ ሊኖር እንደሚችል ገመተ። ከዚህ የምንማረው ሁለቱም ሐኪሞች ያዩትን በታማኝነት መመዝገባቸውን ነው። የጎደላቸው አንድ ሐሳብ ነበር፦ በሽታ ከሚገባ መርዝ ብቻ ሳይሆን ከሚቀር ነገርም ሊመጣ ይችላል የሚለው።

የጃቫ ዶሮዎች

ይህ ሐሳብ የተወለደው ከመጠጥ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ስፍራ ነው። በ1886 የኔዘርላንድስ መንግሥት በቅኝ ግዛቱ በጃቫ ደሴት ወታደሮችን የሚጨርሰውን ቤሪቤሪ የተባለ በሽታ የሚያጠኑ ሐኪሞችን ላከ። በሽታው እግርን ያደነዝዛል፣ ልብን ያደክማል፣ ይገድላል። ዘመኑ የባክቴሪያ ዘመን ስለነበር የሚፈለገው ጀርም ነበር። በባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ፣ ላቦራቶሪ የቀረው ክርስቲያን አይክማን ዶሮዎቹ ቤሪቤሪ በሚመስል ሕመም እግራቸው ሲዝል ተመለከተ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ በራሳቸው ዳኑ። ሲጣራ፣ በታመሙበት ወቅት ከወታደራዊው ሆስፒታል ወጥ ቤት የተረፈ የተፈተገ ነጭ ሩዝ ይቀለቡ ነበር፤ አዲስ የመጣው ወጥ ቤት የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም ብሎ ሲከለክል ወደ ገለባው ሩዝ ተመልሰው ተሻላቸው። አዶልፍ ፎርደርማን የተባለ የጤና ተቆጣጣሪ በ1890ዎቹ በጃቫ እስር ቤቶች ባደረገው ሰፊ ጥናትም ነጭ ሩዝ በሚበላባቸው እስር ቤቶች ቤሪቤሪ እጅግ በዝቶ ተገኘ።

አይክማን ራሱ መጀመሪያ ላይ ሩዙ ውስጥ መርዝ አለ፣ ገለባውም ማርከሻው ነው ብሎ ነበር። ጉዳዩ የመርዝ ሳይሆን የጉድለት መሆኑን በ1901 የገለጸው ተተኪው ጌሪት ግራይንስ ነው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ፈጠነ። ካዚሚር ፉንክ በ1912 «ቫይታሚን» የሚለውን ቃል አስተዋወቀ፤ ያንሰንና ዶናት በ1926 እዚያው ባታቪያ ንጥረ ነገሩን ለይተው አወጡት፤ ሮበርት ዊልያምስም በ1936 በላቦራቶሪ ሠራው። ዛሬ ታያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ1 የምንለው ይህ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት በኦክስፎርድ ሩዶልፍ ፒተርስ ከርግቦች አንጎል ጋር ይሠራ ነበር። ታያሚን የጎደላቸው ርግቦች አንጎል ስኳርን እስከ መጨረሻው ማቃጠል እንደሚያቅተው፣ በተወሰደው የአንጎል ቁራጭ ላይ ታያሚን ሲጨመር ግን ሥራው እንደሚመለስ አሳየ። የሰው አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ 20 በመቶ የሚሆነውን ኃይል ይጠቀማል፤ ኃይሉንም በዋናነት የሚያገኘው ከስኳር ነው። ስለዚህ ታያሚን ሲያልቅ ቀድሞ የሚራበው አንጎል ነው። አልኮል ደግሞ ይህን ንጥረ ነገር በብዙ መንገድ ይነጥቃል። ጠጪው ከምግብ ይልቅ በመጠጥ ይጠግባል፤ አንጀቱ ያገኘውን ታያሚን በሚገባ አይመጥም፤ የተጎዳ ጉበቱ በቂ አያከማችም። የሰውነት ክምችት ደግሞ ከጥቂት ሳምንታት በላይ አይቆይም።

ሲንጋፖር፦ መጠጥ የሌለበት ማስረጃ

እስከዚህ ድረስ ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ነግሬያችኋለሁ፤ አንዱ የጠጪዎች፣ ሌላው የሩዝ ተመጋቢዎች። ሁለቱን አጥብቆ ያስተሳሰራቸው ጦርነት ነው። የካቲት 1942 ሲንጋፖር በጃፓን ጦር እጅ ወደቀች፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የብሪታንያና የአውስትራሊያ ወታደሮች ተማረኩ። ቀለባቸው በድንገት ወደ ነጭ ሩዝ ተለወጠ። ሳምንታት ሳይቆይ በምርኮኞቹ ሆስፒታል ዓይናቸው የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያስመልሳቸው፣ ግራ የተጋቡና የቅርቡን የሚረሱ ሕሙማን ታዩ። ከምርኮኞቹ መካከል የነበሩት ሐኪሞች ሂዩ ደ ዋርድነርና በርናርድ ሌኖክስ 52 ሕሙማንን ተከታተሉ፤ ከጦርነቱም በኋላ በ1947 በላንሴት መጽሔት አሳተሙት። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ታያሚን ሲሰጥ ሕሙማኑ ተሻላቸው። በሞቱት አንጎል ውስጥ ደግሞ ቬርኒክ በበርሊን ያያቸው ነጠብጣቦች ነበሩ።

ከዚህ ቀደም ብሎም ጉዳቱ ከታያሚን ማነስ ጋር እንደሚያያዝ የገመቱ ነበሩ። ሲንጋፖር ግን ለታሪክ ተመራማሪ የተለየ ቦታ አለው። እነዚህ ወታደሮች ምርኮኞች ናቸው፤ መጠጥ የሚያገኙበት አልነበሩም፤ ማንም ሰው «የእጃቸውን አገኙ» ሊል አይችልም። በበርሊን አንዲት ልብስ ሰፊ ያቀረበችውን ምስክርነት፣ በሲንጋፖር አምሳ ሁለት ወታደሮች ደገሙት።

ባለማየት የሚሞቱ

በ1971 ሞሪስ ቪክተር፣ ሬይመንድ አዳምስና ጆርጅ ኮሊንስ በአሜሪካ በ245 ሕሙማን ላይ የተመሠረተ ሰፊ ጥናት አሳተሙ። የቬርኒክና የኮርሳኮቭ በሽታዎች የአንድ ጉዳት ሁለት ገጽታዎች መሆናቸው በዚህ ሥራ ጸና። ሕክምናውም በዚያው ልክ ግልጽ ሆነ። ታያሚን በመርፌ ሲሰጥ የዓይን እንቅስቃሴ በሰዓታት ውስጥ መመለስ ይጀምራል። ትውስታ ግን እንዲህ አይደለም፤ ጉዳዩ ወደ ኮርሳኮቭ ደረጃ ከደረሰ ወዲህ ሙሉ በሙሉ የሚያገግሙት ከአምስት አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በጊዜ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ሕመምተኛ ላይ ታያሚን ሳይሰጥ ስኳር ያለበት ጉሉኮስ ብቻ ቢሰጥ፣ የቀረችው ጥቂት ታያሚን ተሟጣ ጉዳቱ ሊባባስ እንደሚችልም ታወቀ።

አስቀድሜ ቃል የገባሁት አኀዝ እነሆ። አውስትራሊያዊው የፓቶሎጂ ሐኪም ክላይቭ ሃርፐር ከባልደረቦቹ ጋር በ1986 ባሳተመው ጥናት፣ በአስከሬን ምርመራ ይህ ጉዳት የተገኘባቸውን 131 ሰዎች የሕክምና መዝገብ መለስ ብሎ መረመረ። በሕይወት ሳሉ በሽታው የታወቀላቸው 20 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። መጻሕፍት የሚያስተምሯቸው ሦስቱ ምልክቶች በአንድነት የተመዘገቡላቸው ደግሞ 16 በመቶ ናቸው። ይህ በ1881 የሆነ ነገር አይደለም፤ ታያሚን ርካሽ ከሆነ፣ ሆስፒታሎች በእጃቸው ካደረጉት በኋላ የሆነ ነው። ለዚህ ምልክቶቹ ተሟልተው አለመታየታቸው ራሱ ድርሻ አለው። ነገር ግን የሚንገዳገድና ንግግሩ የተምታታ፣ አፉ መጠጥ መጠጥ የሚሸት ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚመጣው ቃል ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። «ሰክሯል፤ ይተኛና ይለፍለት።» ይህች ዓረፍተ ነገር በአብዛኛው ትክክል ናት። ትክክል በማትሆንበት ጊዜ ግን የአንድን ሰው ትውስታ ለዘለዓለም ልትወስድ ትችላለች።

ዳቦ ወይስ ቢራ?

ጉዳቱ በቫይታሚን የሚከላከሉት ከሆነ፣ ቫይታሚኑን ለምን በሕዝብ ደረጃ አንሰጥም? ይህ ጥያቄ ከሕክምና ወጥቶ ወደ ፖለቲካ ገባ። በ1978 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ታያሚን በመጠጦች ውስጥ ቢጨመር ከወጪው ትርፉ እንደሚበልጥ አስልተው አቀረቡ። ቢራን በቫይታሚን ማበልጸግ መጠጥን የጤና ልብስ ማልበስ ነው፤ ፋብሪካዎችም ለማስታወቂያ ይጠቀሙበታል የሚል መከራከሪያ ግን በአንጻሩ ቆመ። እኔ ሁለቱንም ወገኖች በቀላሉ አልነቅፍም።

አውስትራሊያ መካከለኛውን መንገድ መረጠች። ከ1991 ጀምሮ ለዳቦ በሚውል ዱቄት ላይ ታያሚን መጨመር ግዴታ ሆነ። ሃርፐርና ባልደረቦቹ በሲድኒ በአስከሬን ምርመራ ደግመው ሲያጠኑ፣ ከሕጉ በፊት 2.1 በመቶ የነበረው የጉዳቱ መጠን ወደ 1.1 በመቶ ወርዶ አገኙት፤ ውጤቱም በ1998 ታተመ። ለመቀነሱ ዳቦው ብቻ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ የመጠጥ ልማድም ይለዋወጣልና። ቢሆንም ማንም ጠጪ ሳይመከር፣ ሳይወቀስ፣ ሳይለይም ከሌላው ሰው ጋር ከአንድ ዳቦ ቆርሶ የሚጠቀምበት ዘዴ መገኘቱ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ቫይታሚን የማይመልሰው

እዚህ ላይ ብናቆም ታሪኩ አሳሳች ይሆናል፤ ቫይታሚን የሚውጥ ሰው እንደ ልቡ ይጠጣ የሚል ይመስላልና። ከ1980ዎቹ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ከታያሚን እጦት ውጭም ለረጅም ጊዜ የሚጠጣ ሰው አንጎል እንደሚሟሽሽ አሳይተዋል። በተለይ የሚጎዳው የአንጎል የፊት ክፍል ነው፤ ማቀድ፣ ራስን መግታት፣ መዘዝን ማመዛዘን የሚከናወኑበት ስፍራ። መጠጥ ለማቆም የሚያስፈልገውን ችሎታ መጠጡ ራሱ ያዳክመዋል ማለት ነው። «ፈቃዱ ቢኖረው ያቆም ነበር» የሚለው የተለመደ ፍርድ ከዚህ ዕውቀት በኋላ እንደ ቀድሞው ሊቆም አይችልም። በልክ ይጠጣሉ በሚባሉትም ላይ ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም፤ በ2017 የታተመ የብሪታንያ ጥናት 550 ሰዎችን ለ30 ዓመታት ተከታትሎ፣ መጠነኛ የሚባለው መጠጥ እንኳ ለትውስታ ዋና ከሆነው የአንጎል ክፍል መሟሸሽ ጋር መያያዙን አግኝቷል።

ተስፋ የሚሰጠው ግኝት ግን ከዚህ ሁሉ ቀድሞ የመጣ ነው። በ1978 በካናዳ ፒተር ካርለንና ባልደረቦቹ መጠጥ ያቆሙ ሰዎችን አንጎል በሲቲ ስካን ደጋግመው ሲያነሡ፣ ከመካከላቸው የአንዳንዶቹ መሟሸሽ ወደ ኋላ ሲመለስ አዩ። ከዚያ በኋላ በኤምአርአይ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ አጸኑ፤ መመለሱ ከፊል ነው፣ ወራትንና ዓመታትንም ይፈልጋል፣ ነገር ግን እውነት ነው። በብዛትና ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥና መቃዠት ሊደርስበት ስለሚችል፣ ማቆሙ በሐኪም ክትትል ቢሆን ይመረጣል።

ክቡራትና ክቡራን፤ እኔ ከዚህ ረጅም ታሪክ የምወስደው ትምህርት መጠጥ ንጹሕ ነው የሚል አይደለም። ጥፋተኛነትን መወሰንና ምክንያትን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። ሁስ የሰጠው ስም ጠጪውን ከኩነኔ በከፊል አወጣው፤ ያው ስም ግን ልብስ ሰፊዋን ከዓይን ሰወራት። በአማርኛችንም «ሰካራም» የሚለው ቃል ፍርዱን አስቀድሞ ይሰጣል፤ ጥያቄውን ይዘጋል። በዚህ አዳራሽ ነገ በድንገተኛ ክፍል፣ በጤና ጣቢያ፣ በፖሊስ ጣቢያ ወይም በማኅበራዊ አገልግሎት የምትሠሩ ተማሪዎች አላችሁ። ግራ የተጋባ ጠጪ ፊታችሁ ሲቀርብ ሦስት ነገር እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ፦ ይህ ሰው ከበላ ስንት ቀኑ ነው? ዓይኑ እንዴት ይንቀሳቀሳል? ታያሚንስ ተሰጥቶታል? ከሦስቱ አንዱ እንኳ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።